ከዲፈረንሻል የተቀዳ ማኪያቶ

መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ሲፈታ ሾፌሩ አሮጌ የልብስ ሳፋ ወደ ሥሩ ገፉለት። ጥቁር ዘይት ነበር የጠበቅነው። ቀድሞ የወረደው ግን ውሃ ነው። አንድ ኩባያ የሚሞላ፣ ዝገት ያቀላው ውሃ። ከኋላው ነጣ ያለ፣ ወፍራም፣ አረፋ የያዘ ነገር እየተጎተተ መጣ። መካኒኩ ጣቱን ነክሮ ወደ ብርሃን ያዘውና «ጋሼ፣ ማኪያቶ አዘው ነበር እንዴ?» አላቸው። ሾፌሩ አልሳቁም።

ይህ የሆነው ባለፈው ሐምሌ፣ ባሕር ዳር ቀበሌ 14 አካባቢ ባለች ትንሽ ጋራዥ ውስጥ ነው። እኔ እዚያ የተገኘሁት መኪናዋ የሚስቴ ወንድም ንብረት ስለሆነች ነው። እሱ ወረታ ላይ ሩዝ ይነግዳል። እኔ ደግሞ ለዓመታት የተሽከርካሪ ስምሪት ላይ ስለሠራሁ፣ አንድ ነገር ሲበላሽ «እስኪ አንተ ሂድና እያቸው» የምባል ሰው ነኝ። ሄጄ ያየሁትን ከነሂደቱ ልጻፈው።

መኪናዋ ባለ አንድ ጋቢና ላንድክሩዘር ፒካፕ ናት፤ 79 የሚሏት። ሞተሯ 1ኤችዜድ ነው። ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር። የገጠር ሾፌር ሁሉ «አይሞትም» የሚለው ሞተር ነው። እውነትም አልሞተም። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሞተሩ ምንም አላጠፋም።

ሥራዋ በዓመት ሁለት ዓይነት ነው። በክረምት ከባሕር ዳር ዘርና ማዳበሪያ ጭና በሐሙሲት በኩል ወረታ ትገባለች። ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። ከዚያ ከአስፋልቱ ወርዳ ወደ ሐይቁ ዳር ቀበሌዎች ታመራለች፤ እሱ ሁሉ ዋልካ ነው። የፎገራን ሜዳ በነሐሴ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጉማራና ርብ ሲሞሉ ማሳው የት አልቆ ጣና የት እንደሚጀምር አይለይም። በበጋ ደግሞ ያው ሜዳ ይደርቅና የሩዝ ጆንያ ከማሳ ወደ መፈልፈያ ማመላለስ ነው። አቧራና ገለባ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲጠና ሾፌሩ እንደልማዳቸው የፊት ጎማዎቹን ሀብ (ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውን መቆለፊያ) ቆልፈው ፎር ዊል አስገቡ። ከፊት ዋይታ መጣ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይጀምራል። እግራቸውን ከነዳጁ ሲያነሱ ድምፁ ይለወጣል። ሾፌሩ «የጭቃ ጎማ ነው፣ ያለቅሳል» አሉ። ባለቤቱ «ዘይት ይጨመርላት» አለ። ማንም አልጨመረም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ከጉማራ ድልድይ ወዲህ ዋይታው ወደ መፋጨት ተለወጠ።

እዚህ ላይ ሾፌሩ አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። ወርደው ሁለቱንም ሀብ ፈቱና በኋላ ጎማ ብቻ ነዱ። ድምፁ ጠፋ። እሳቸው ለመገላገል ብለው ያደረጉት ነው፤ ለእኛ ግን ግማሹን ምርመራ ጨረሱልን። ሀቡ ሲፈታ የፊት ጎማዎች ለብቻቸው ይዞራሉ፤ በውስጥ ያሉት ዘንጎችና የፊት ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለቀኝና ለግራ ጎማ የሚያካፍለው የጥርስ ቤት) ይቆማሉ። ስለዚህ ጎማው አይደለም። የጎማው ኩሽኔታም አይደለም። ጩኸቱ ያለው ሀቡ ሲፈታ በሚቆሙት ዕቃዎች ውስጥ ነው። ወረታ ሆኜ ይህን በስልክ ስሰማ ለባለቤቱ «የፊት ዲፈረንሻል ነው፣ ገንዘብ አዘጋጅ» አልኩት። ስልኩን ዘጋብኝ።

እንግዲህ ወደ ሳፋው እንመለስ። ዲፈረንሻሉ ወደ 3 ሊትር የሚጠጋ ዘይት ነው የሚይዘው። በዚያ ላይ አንድ ኩባያ ውሃ ብዙ ነው። የማፍሰሻው ቡሎን ጫፍ ላይ ማግኔት አለ። ጤነኛ ዲፈረንሻል ማግኔቱ ላይ ግራጫ ልስልስ ዝቃጭ ያስቀምጣል፤ እሱ የተለመደ መፋተግ ነው። የእኛው ላይ ግን በጥፍር የሚያዝ የብረት ቅርፊት ነበር። መካኒኩ ጨርቅ ላይ ጠርጎ አሳየን። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ጎማ አላወራም።

ውሃው እንዴት ገባ?

መካኒኩ መጀመሪያ የጠረጠረው ፓራዮሊውን ነው፤ ዘይት እንዳይወጣ ዘንጉን አቅፎ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት። ሾፌሩ ግን «እሱማ አምና ተቀይሯል» አሉ። ለምን ተቀየረ? ዘይት እያፈሰሰ። ጎማው ቀኝና ግራ በሚታጠፍበት፣ ኳስ በሚመስለው የብረት ቤት ላይ ዘይት ይወርድ ነበር። ሌላ ጋራዥ ወስደዋት ፓራዮሊ ተቀየረና መፍሰሱ ለጊዜው ቆመ። ደረሰኙ ጋቢናው ውስጥ ነበር፤ አየሁት። የተጻፈው ፓራዮሊና ግሪስ ብቻ ነው።

ያኔ ነው መካኒኩ ብድግ ብሎ ጎንበስ ያለውና በዲፈረንሻሉ ቤት አናት ላይ በካቻቢቴ መፋቅ የጀመረው። ዋልካው ደርቆ ጡብ ሆኗል። ተፍቆ ተፍቆ አውራ ጣት የምታክል ክብ ነገር ወጣች። መተንፈሻው ናት። ክዳኗ በጣት ሲነኩት ላላ ብሎ መንቀሳቀስ አለበት። የእኛ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል። ፈትቶ በኮምፕሬሰር ነፋት፤ አየር አላሳለፈችም። ከዚያ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ሄዶ የዚያኛውን መተንፈሻ ፈታ። በአፉ ነፋው፤ አለፈ። የኋላው ዘይት ጠቁሯል እንጂ ውሃ አልነካውም። አንድ መኪና፣ አንድ ሾፌር፣ አንድ ዓይነት ጭቃ። ልዩነቱ ያቺ አውራ ጣት የምታክል ክዳን ብቻ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲፈረንሻል ሲሠራ ይሞቃል። በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። መተንፈሻው ክፍት ከሆነ ትርፉ አየር በዚያ ይወጣል። ከተደፈነ አየሩ ዘይቱን በፓራዮሊው በኩል ይገፋዋል። አምና የፈሰሰው ለዚህ ነው። ፓራዮሊው በሽታው አልነበረም፤ በሽታው የወጣበት በር ነበር። አዲስ ፓራዮሊ ሲገባ በሩ ለጊዜው ተዘጋ፣ በሽታው ግን ውስጥ ቀረ።

ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ትኩስ ውሃ ጨምራችሁ ደፍታችሁት ወዲያው ክዳኑን ብትዘጉት፣ ሲበርድ ጭምድድ ይላል። ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባልና። የዲፈረንሻል ቤት ብረት ነው፣ አይጨማደድም። ስለዚህ ከውጭ ይስባል። ውጭ ያለው አየር ከሆነ አየር ይስባል። ውሃ ከሆነ ውሃ ይስባል። ፓራዮሊ የተሠራው ዘይት ከውስጥ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነው፤ ከውጭ የሚሳብ ውሃ ላይ ጉልበቱ ያን ያህል አይደለም።

«ጋሼ፣ ውሃ የት ገባችብዎት?» አለ መካኒኩ።

«የት ያልገባች! ሜዳው ሁሉ ውሃ አይደል?»

«እሱስ ልክ ነው። ከሥራ መልስስ?»

ሾፌሩ ዝም አሉ። ከዚያ የነገሩን ነገር ነው የጉዳዩ ቁልፍ። ማታ ከወረታ ሲመለሱ ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት ወደ ውሃው ዳር ይወስዷታል። ልጆች መኪና የሚያጥቡበት ጥልቀት የሌለው ቦታ አለ። ጎማው እስከ ግማሽ ድረስ እንዲሰምጥ አድርገው ያቆሟታል። «ሞቅ እንዳለች ስትገባ ጭቃው ቶሎ ይለቃል» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይለቃል። እንግዲህ አስቡት። ክረምቱን ሙሉ ሀቡ አይፈታም፤ ሰኔ ተቆልፎ መስከረም ነው የሚፈታው። ስለዚህ ፎር ዊል ባይገባም እንኳ የፊት ዲፈረንሻሉ 60 ኪሎ ሜትር አስፋልት አብሮ ይዞራል፤ ይሞቃል። ከዚያ በቀጥታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ። መተንፈሻው ድፍን። በየቀኑ ማታ ማታ አንድ አንድ ጉንጭ ውሃ ስታስገባ ከረመች።

ሰውየው መኪናዋን አልበደሉም። ይወዷታል። በየቀኑ የሚያጥብ ሾፌር ስንት አለ? እኔም በስምሪት ዘመኔ «ንጹሕ መኪና» ብዬ ያመሰገንኳቸው ሾፌሮች ከየት አጥበው እንደሚመጡ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

መስከረም ላይ ሀቡ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘጠኝ ወር ገደማ ነው ዲፈረንሻሉን የበላው። በበጋ የፊት ዲፈረንሻል አይዞርም። ውሃ ከዘይት ይከብዳልና ከታች ተኛ። ዘይት የማይረጭበት የላይኛው ኩሽኔታ እርጥበት እየላሰው ዛገ። ሰኔ ላይ እንደገና ሲዞር፣ የዛገ ኩሽኔታ ነው መዞር የጀመረው። ዋይታው እሱ ነበር።

ጥገናው ላይ ብዙ አልቆይም። አራት ኩሽኔታ ተቀየረ፣ ፓራዮሊዎቹም እንደገና። ትልቁና ትንሹ ጥርስ ላይ ዝገት ነክቶ ነበር፤ መካኒኩ አጽድቶ በጣቱ ሲዳስሰው «ይሠራል» አለ። በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለውን ክፍተት በስስ ቀለበቶች ማስተካከል የልምድ ሥራ ነው። እሱን እዚያው ጋራዥ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሠሩት፤ ሌላው ሰው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። መኪናዋ 11 ቀን ቆመች። ሐምሌ ላይ 11 ቀን ለማዳበሪያ ጫኝ ምን ማለት እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቁት። እኔን ግን ስለ ሒሳቡ አትጠይቁኝ፤ ስልክ የዘጋብኝ ሰው ከፍሎታል።

ሌላው ግኝት የመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። መካኒኩ በሩ ላይ የምትለጠፈዋን የሰርቪስ ወረቀት ሊጽፍ ኪሎ ሜትሩን ጠየቀ። ጋቢና ገብቼ አነበብኩለት። እሱ ደግሞ አሮጌውን ወረቀት አነበበ። ተያየን። አሮጌው ወረቀት ላይ የተጻፈው የሚቀጥለው ሰርቪስ ቁጥር ገና 900 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ወረቀቱ የተለጠፈው ግን ከ14 ወር በፊት ነው።

ቆጣሪው ቆሟል። ከሥር ወደ ዳሽቦርዱ የሚሄደው ሽቦ ተበጥሷል። ምናልባት ሣር ጎትቶት፣ ምናልባት ዋልካው። ፍጥነት መቁጠሪያውም ዜሮ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ይህን አላዩም?» ስላቸው «ጭቃ ውስጥ ፍጥነት ማን ይጠይቃል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እንዲህ ሆኖ ሁላችንም፣ ባለቤቱም ሾፌሩም እኔም፣ «ሰርቪሷ ገና ነው» እያልን ስንምል ነበር የከረምነው።

ይኼ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። 1ኤችዜድ የታይሚንግ ቺንጋ ነው ያለው፣ ቫልቮቹ በጊዜያቸው እንዲከፈቱ የሚያደርግ ቀበቶ፤ ሰንሰለት አይደለም። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርድ ላይ መብራት ይበራል፤ መብራቱን የሚያበራው ግን ያው ቆጣሪው ነው። ቆጣሪው ከቆመ መብራቱ መቼም አይበራም። ቺንጋው መንገድ ላይ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፤ «አይሞትም» የተባለው ሞተር ያኔ ይሞታል። ከፍተን አየነው። ጠርዙ መሰንጠቅ ጀምሯል። ቀየርነው። የዲፈረንሻሉ ወጪ ያንገሸገሸው ባለቤት ይህችን ግን ሳያጉረመርም ነው የከፈላት።

ሽቦው ተጠገነ። ግን እኔ በኪሎ ሜትር ብቻ መመራቱን ከዚያ ቀን ጀምሮ ትቼዋለሁ። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የሚለው ልማድ የተለመደው ለመንገድ ነው። ይህች መኪና ከአስፋልቱ ከወረደች በኋላ ቀኑን ሙሉ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያጓራች 30 ኪሎ ሜትር ላትሞላ ትችላለች። ሞተሩ ስምንት ሰዓት ሠርቷል፣ ቆጣሪው ግን ምንም አላየም። የአምራቹ መመሪያም ቢሆን ከባድ ሥራ ላይ ላለች መኪና ጊዜውን አሳጥሩ ነው የሚለው። ስለዚህ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝቼ ከሾፌሩ ፊት ባለው የፀሐይ መከላከያ ላይ በላስቲክ አሰርኩት። የሚጻፈው ቀኑ፣ የተሄደበት ቦታ፣ ውሃው እስከየት እንደደረሰ፣ ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ነው። ሌላ የለም።

ውሃው ቸርኬው ግማሽ ከደረሰ፣ በሳምንቱ መጨረሻ የዲፈረንሻሎቹ መሙያ ቡሎን ይፈታል። በ24 ቁልፍ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ትንሿን ጣት አስገብቶ ዘይቱን ማየት። ማር ከመሰለ ደህና፤ ወተት ከነካው ዛሬውኑ ይቀየራል። ዘይት ሲቀየርም ሁልጊዜ መሙያው ነው ቀድሞ የሚፈታው፣ ማፍሰሻው በኋላ። ማፍሰሻውን ከፍታችሁ ዘይቱን ደፍታችሁ መሙያው ዝጎ እምቢ ቢላችሁ፣ ባዶ ዲፈረንሻል ይዛችሁ ሜዳ ላይ ቀራችሁ ማለት ነው። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው፤ የማን መኪና እንደነበረች አልናገርም።

ክሮቸራዎቹና (የዘንጉ መታጠፊያ መስቀሎች) የማስተላለፊያው ዘንግ ግሪስ የሚገባባቸው ትንንሽ አፎች አሏቸው። ውሃ ከነካቸው አሮጌው ግሪስ ተገፍቶ እስኪወጣና አዲሱ ብቅ እስኪል ድረስ ይገፋል። ብዙ ሰው ሁለቴ ጫን ጫን አድርጎ ይተወዋል። ሁለቴ ጫን ማለት ውሃውን ውስጥ ማሸግ ነው። የፍሬን ታምቡሩ ውስጥም ዋልካ ገብቶ ሸራውን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል። በየሁለት ወሩ ይከፈታል ተባብለናል፤ እስካሁን አንዴ ነው የተከፈተው።

ነዳጁ ሌላ ታሪክ ነው። ወረፋ ሲበዛ ናፍጣ በጀሪካን ይገዛል። ጀሪካኑ ዝናብ ላይ ያድራል። የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታና የምትከፈት ቡሎን አለች። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ እስኪበራ አንጠብቅም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትከፈታለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ግማሽ ሲኒ ውሃ ወጣ። የናፍጣ ፖምፓው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ ውሃ ለእሱ መርዝ ነው። ለዲፈረንሻሉ ሲያለቅስ የነበረው ባለቤት የፖምፓ ዋጋ ሲነገረው ጀሪካኖቹን ራሱ ቤት አስገባቸው።

በበጋ ሥራው ወደ አየር ፊልትሮና ራዲያተር ይዞራል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ድሮም አየር ያጥረዋል። ፊልትሮው በአቧራ ሲደፈንበት ጥቁር ጭስ ይለቅና ጉልበቱ ይወርዳል፤ ሾፌሩም «ናፍጣው ተበርዟል» ይላል። ፊልትሮው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚነፋው፣ በቀስታ። የሩዝ ገለባ ደግሞ ራዲያተሩ ላይ እንደ ሱፍ ይለጠፋል። እሱንም ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በውሃ መግፋት ነው።

ዋናው ለውጥ ግን ከሁሉም የረከሰው ነው። መተንፈሻዋ ተነቅላ በቦታዋ ናፍጣ የሚችል ቀጭን የጎማ ቱቦ ገባ። ቱቦው ከፍሬሙ ጋር እየታሰረ ሞተሩ ክፍል ድረስ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የነዳጅ ፊልትሮ ተሰካበት። አሁን ዲፈረንሻሉ የሚተነፍሰው ከኮፈኑ ሥር ነው። ሁለት ሜትር የማትሞላ ቱቦ ናት። የኋላው ገና አልተሠራም፤ ቱቦው አልቆብን ነው። እስኪመጣ ድረስ ሾፌሩ በየሳምንቱ በጣታቸው እየነኩ ክዳኑ መንቀሳቀሱን ያያሉ።

ከባዱ እጥበቱ ነበር። «ቤት በባልዲ ትታጠብ» ስላቸው ፊታቸውን አጠቆሩብኝ። እምቦጩ አንሶት ነው ጣና ላይ የእኛን ግሪስ የምንጨምርበት ብዬም ሞከርኩ። እሱም አልሠራም። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። መታጠቢያው ግቢ ይሆናል። ሜዳው ላይ ግን ውሃ መሻገር ግድ ስለሆነ፣ ከአስፋልቱ ሲወርዱ መጀመሪያ ቆመው የዲፈረንሻሉን ቤት በእጃቸው ጀርባ ይነካሉ። የሚያቃጥል ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃሉ። ቆመው መጠበቅ እንደማይወዱ ነገሩኝ። እኔም እንደማይወዱ አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ላየው ወረድኩ። የመሙያውን ቡሎን ፈትቼ ጣቴን አስገባሁ፤ ማር ነው። ከዚያ የመጨረሻዎቹን ገጾች አነበብኩ። ጽሑፋቸው ትልልቅ ነው፣ ከመስመር ይወጣል። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦

«ረቡዕ። ከወረታ ወደ ሐይቁ ዳር። ውሃ እስከ ቸርኬ ግማሽ። ሞተር 7 ሰዓት ሠራ። ከመግባቴ በፊት ቆምሁ፣ ታቃጥል ነበር። ሁለት ሻይ ጠጣሁ። አሁንም ሞቅ ብላ ስላገኘኋት ሌላ ሻይ ጨመርሁ። የሦስት ሻይ ሒሳብ በባለቤቱ ይያዝ።»